ኤምሳርና አምካስ፦ የሜዲካል ስኩል መግቢያ ሁለቱ አገልግሎቶች ሲመዘኑ

አሜሪካ ውስጥ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ተማሪ በአብዛኛው ሁለት አገልግሎቶችን ሳይነካ አያልፍም። ኤምሳር የሜዲካል ስኩሎች መረጃ በአንድ ቦታ የተሰበሰበበት የኦንላይን ማውጫ ነው። አምካስ ደግሞ አንዴ ተሞልቶ ለብዙ ትምህርት ቤቶች የሚላክ ማመልከቻ ነው። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ሜዲካል ኮሌጆች ማኅበር ነው። ኤምሳር ርካሽ ነው፤ ችግሩ ብዙ ሰው ዘግይቶ መግዛቱ ነው። አምካስ ውድ ነው፤ ሥራውን በደንብ ይሠራል፣ ስህተት ግን አይምርም።

ኤምሳር ለአንድ ዓመት 30 ዶላር ገደማ ነው። ነጻው ክፍል አጠቃላይ መግለጫ ብቻ ስለሚያሳይ ለምርጫ የሚጠቅመው ቁጥር የሚገኘው ከከፈሉ በኋላ ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚገዛው ማመልከቻው ሊከፈት ሲል ነው፤ ያኔ ኮርሱ ሁሉ ተወስዶ አልቋል። የሚሻለው በኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ መግዛት ነው። ባዮኬሚስትሪን በግዴታ የሚጠይቀው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ፣ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክሬዲት ወይም በኦንላይን የተወሰደ ላብ (የቤተ ሙከራ ትምህርት) የማይቀበለው የትኛው እንደሆነ፣ ገና ማስተካከል በሚቻልበት ሰዓት ይታወቃል።

ሰው ሁሉ ገጹን ሲከፍት ዓይኑ የሚያርፈው የጂፒኤና የኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና) መካከለኛ ውጤት ላይ ነው። ኤምካት የሚታረመው ከ472 እስከ 528 ሲሆን፣ በአገር ደረጃ ገብተው የሚማሩት አማካይ 512 አካባቢ ነው። ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ከእሱ በላይ የሚናገረው ግን ስንት የስቴቱ ነዋሪ አመልክቶ ስንቱ ለኢንተርቪው እንደተጠራና ስንቱ እንደገባ፣ ከሌላ ስቴት ከመጣው ጋር እያነጻጸረ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው። የመንግሥት ሜዲካል ስኩሎች በአብዛኛው ለስቴታቸው ልጅ ያደላሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ተማሪ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አለለት፤ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ በላይ ምርጫ አለው። ወንዙን ተሻግሮ ዲሲ የሚኖረው ግን የእኔ የሚለው የለውም፤ ጆርጅታውን፣ ጆርጅ ዋሽንግተንና ሃዋርድ ሦስቱም የግል ናቸው። ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መቀመጫውን በአብዛኛው የሚሰጠው ለዋሽንግተን፣ ለዋዮሚንግ፣ ለአላስካ፣ ለሞንታናና ለአይዳሆ ነዋሪዎች ነው። ሚኒያፖሊስ ተቀምጦ ያለ በቂ ምክንያት ወደዚያ መላክ የማመልከቻ ገንዘብ መጣል ነው። ግሪን ካርድ የሌለው ተማሪ ደግሞ የውጭ አገር ዜጋ ይቀበላሉ ወይ የሚለውን ከሁሉ በፊት ይመልከት፤ ብዙዎቹ አይቀበሉም፤ ከሚቀበሉትም የትምህርት ክፍያውን በቅድሚያ አስቀምጥ የሚሉ አሉ።

የክፍያው ክፍል ድሮ በችኮላ የሚታለፍ ነበር። አሁን አይታለፍም። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪዎች ለሜዲካል ስኩል ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችሉት በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። የብዙ የግል ትምህርት ቤቶች የአንድ ዓመት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና ምግብ ሳይጨመር፣ ከዓመቱ ገደብ ይበልጣል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ማስላት ያለበት የሚመለከትባቸው ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ሲወጣ እንጂ የመቀበያ ደብዳቤው ሲደርስ አይደለም።

ኤምሳር የሚጎድለውም አለ። በኤምዲ ፈንታ ዲኦ የሚባለውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡትን የኦስቲዮፓቲ ሜዲካል ስኩሎችን አያካትትም፤ እነሱ አኮማስ የሚባል የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው። የሃይስኩል ተማሪ የትኛው ኮሌጅ ልግባ ብሎ ቢጠይቀውም ብዙ መልስ የለውም፤ ከሃይስኩል በቀጥታ የሚያስገቡትን ጥምር ፕሮግራሞች ይዘረዝራል፤ ከዚያ አያልፍም። ከእነዚህ መካከል የብራውን የ8 ዓመትና በካንሳስ ሲቲ የሚገኘው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የ6 ዓመት ፕሮግራሞች ይታወቃሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪ ኮሌጅ ሲመረጥ በራስ መጠየቅ ግድ ነው። ፕሪሜድ የሚባለው የሜዲካል ስኩል ዝግጅት በአብዛኛው ኮሌጅ የትምህርት ክፍል ስም አይደለም፤ ኮርሶቹ ከተሟሉ ታሪክ ያጠናም ይገባል። የተለመደው ባዮሎጂ፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ እያንዳንዳቸው ሁለት ሴሚስተር ከነላባቸው፣ አንድ ሴሚስተር ባዮኬሚስትሪ፣ እንግሊዝኛና ስታቲስቲክስ ነው። ኮሌጁን መጠየቅ ያለብን ሁለት ነገር ነው፦ ለሜዲካል ስኩል አመልካቾች የኮሚቴ ደብዳቤ (በኮሌጁ ስም የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ) ይጽፋል ወይ? ለመጻፍስ የጂፒኤ ገደብ አለው ወይ? ገደብ ያለው ኮሌጅ «ካመለከቱት ይህን ያህሉ ገቡ» ብሎ ሲያስተዋውቅ፣ ገደቡን ያላለፉት መቁጠሪያው ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ።

አምካስ ሜይ መጀመሪያ ላይ ይከፈታል፤ ማስገባት የሚቻለው ከሜይ መጨረሻ ወይም ከጁን መጀመሪያ አንስቶ ነው። የተማሩበትን ኮሌጅ ሁሉ ኮርስ በእጅ፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንዳለ፣ አንድ በአንድ መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚያ የአምካስ ሠራተኞች ከኦፊሴላዊው ትራንስክሪፕት ጋር ያመሳክሩታል፤ በሚበዛበት ወቅት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ስህተት የበዛበት ማመልከቻ ተመልሶ ይመጣና ሳምንታት ይበላል። በሃይስኩል ጊዜ ለክሬዲት የተወሰደ የኮሌጅ ኮርስ እንኳ መግባት አለበት። ተደግሞ የተወሰደ ኮርስም ሁለቱ ውጤቶች ይቆጠራሉ፤ ኮሌጁ የመጀመሪያውን ቢሰርዘውም አምካስ አይሰርዘውም። በዚህ የተነሳ የብዙ ተማሪ የአምካስ ጂፒኤ ከኮሌጁ ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

አገር ቤት ዲግሪ ይዞ ለመጣ ሰው ደግሞ ይህ አገልግሎት ጨካኝ ነው። በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር የተገኘ ውጤት አይመሳከርም፣ ጂፒኤውም ውስጥ አይገባም፤ የሚቆጠረው የአሜሪካ ኮሌጅ ክሬዲት አድርጎ የተቀበለው ብቻ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ቅድመ ሁኔታ ኮርሶቹን፣ አንዳንዶቹም 90 ያህል ክሬዲት፣ እዚህ ተወስዶ ማየት ይፈልጋሉ።

የግል ጽሑፉ ክፍት ቦታን ጨምሮ 5,300 ፊደል ብቻ ነው፤ ተግባራት እስከ 15፣ እያንዳንዳቸው በ700 ፊደል። ከገባ በኋላ ጽሑፉን መቀየር አይቻልም፤ ትምህርት ቤት መጨመር ግን ይቻላል። ለዚህ ነው ትራንስክሪፕቱ ቶሎ እንዲመሳከር መጀመሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ልኮ፣ የኤምካት ውጤት ሲደርስ ሌሎቹን መጨመር የሚያዋጣው።

ዋጋው በቅርብ ዓመታት ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት 175 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ከ45 በላይ ነው፤ 15 ትምህርት ቤት ከ800 ዶላር ያልፋል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱን ሁለተኛ ማመልከቻ ይልካል፤ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 150 ዶላር ያስከፍላል። የቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው በሌላ ማመልከቻ ስለሚሠሩ ሂዩስተንና ዳላስ ያላችሁ ያንንም አስቡት።

ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ የሜዲካል ኮሌጆች ማኅበሩ የሚሰጠውን የክፍያ እርዳታ ሳይጠይቅ አንድም ሳንቲም አይክፈል። ከተፈቀደ ኤምሳር ነጻ ይሆናል፣ የኤምካት ክፍያ ይቀንሳል፣ አምካስም እስከ 20 ትምህርት ቤት ድረስ አያስከፍልም። ጥገኝነት የተፈቀደላቸውም ማመልከት ይችላሉ። እርዳታው ግን ወደ ኋላ አይሠራም፤ ለኤምካት ተመዝግበው ከከፈሉ በኋላ ቢፈቀድ የተከፈለው አይመለስም።