የልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳቶች ሥልጠና በባሕር ዳር፦ ትምህርቱ ጠንካራ፣ ክትትሉ የሳሳ

ጣና ዳር ያለ አንድ ማዕከል ለልዩ ፍላጎት ክፍል ረዳቶች የሚሰጠው ሥልጠና ተግባር ላይ ያተኩራል፤ ለገንዘቡም የሚያስቆጭ አይደለም። በተለይ የእገዛ ደረጃው በደንብ ይለመዳል፦ መመሪያው አንዴ ይነገራል፣ ከዚያ 5 ሰከንድ ያህል ዝም ማለት፤ ልጁ ካልጀመረ በጣት ማመልከት፣ ቀጥሎ ሠርቶ ማሳየት፤ እጁን ይዞ ማሠራት የመጨረሻው ነው። ብዙ ረዳት ከመጨረሻው ስለሚጀምር ልጁ እርሳሱን አንስቶ እጁ እስኪያዝለት መጠበቅ ይለምዳል።

የሚጥል በሽታ ትምህርቱም ግሩም ነው፦ ሰዓት መያዝ፣ በጎን ማስተኛት፣ አፍ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተትን መተው፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል።

ከሥልጠናው በኋላ ክፍል ድረስ ሄዶ የሚደረገው ክትትል ግን ያሳዝናል። የማዕከሉ ተቆጣጣሪ መዝገብ ፈርማ ትሄዳለች። መታየት የነበረበት ረዳቷ የምትቀመጥበት ቦታ ነው፤ ልጁ ላይ ተለጥፋ ከዋለች እኩዮቹ አይጠጉትም፣ መምህሩም ለእሷ ይተወዋል። 15 ደቂቃ ተመልክቶ፣ የሚታረም አንድ ነገር መርጦ፣ በዚያው ቀን ለብቻዋ መንገር ይበቃ ነበር። የምልክት ቋንቋው ከሰላምታ ስለማያልፍ መስማት የተሳነው ልጅ የሚመደብለት ረዳት ሌላ ኮርስ ያስፈልገዋል። ትምህርት ቤቶች ከማዕከሉ ጋር ሲዋዋሉ የክፍል ጉብኝቱን ብዛት በጽሑፍ ያስቀምጡ።