ለልብስ ስፌት የትኛው መቀስ ይሻላል? ከባዱ፣ ቀላሉ፣ ጥርሳሙና ክቡ ምላጭ ሲነጻጸሩ

የስፌት መቀስ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋጋ ነው። ከዋጋው መቅደም የሚገባው ግን የሚቆረጠው ጨርቅ ምን ዓይነት እንደሆነና በቀን ለስንት ሰዓት ያህል እንደሚቆረጥ ማወቅ ነው፤ ለሱፍና ለካኪ የተመቸው መቀስ ሺፎን ላይ ሊያስቸግር፣ ሳቲን ላይ የተዋጣለትም ጅንስ ላይ ሊለግም ይችላል።

የጨርቅ መቀስ ከወረቀት መቀስ የሚለየው በትልቅነቱ ብቻ አይደለም። እጀታው ወደ ላይ ጎበጥ ያለ በመሆኑ የታችኛው ስለት ጠረጴዛውን ታክኮ ይሄዳል፣ ጨርቁም ከተዘረጋበት ሳይነሣ ይቆረጣል። እጀታው ቀጥ ያለ ከሆነ ግን መቀሱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ጨርቁን ከፍ ስለሚያደርገው፣ ተደርቦ የተዘረጋው ጨርቅ ይንሸራተትና የላይኛውና የታችኛው ቁራጭ ልካቸው ይለያያል። ስለዚህ ጎባጣ እጀታ የሌለውን መቀስ፣ ምንም ያህል ስለታም ቢሆን፣ ለዋና መቁረጫነት አልመርጠውም።

ዋናው ምርጫ ከዚህ በኋላ በሁለት ዓይነቶች መካከል ነው። አንደኛው እስከ እጀታው ድረስ ከተቀጠቀጠ ብረት የተሠራው ከባድ መቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በአሜሪካ የተመሠረተው መቀስ ሠሪ ኩባንያ ጊንገር የሚታወቀው በዚህ ዓይነቱ ነው። ሁለተኛው አይዝጌ ብረት ስለትና የፕላስቲክ እጀታ ያለው ቀላል መቀስ ሲሆን፣ የፊንላንዱ ኩባንያ ፊስካርስ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በብርቱካንማ እጀታ የሚሠራው በዓለም ዙሪያ የታወቀ ምሳሌው ነው። ከባዱ መቀስ በራሱ ክብደት ጠረጴዛው ላይ ስለሚረጋ ወፍራምና የተደራረበ ጨርቅ ሳይርገበገብ ይቆርጣል፤ ስለቱ ሲደክም ደጋግሞ ይሳላል፤ ሁለቱን ስለቶች የሚያያይዘው ብሎን ሲላላም ሊጠብቅ ይችላል። ጉዳቱ ክብደቱ ራሱ ነው፤ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ቀኑን ሙሉ ሊይዘው አይችልም፣ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ጫፉ ከተጣመመም ማቅናቱ ቀላል አይደለም። ቀላሉ መቀስ እጅን አያደክምም፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የተያያዙት በብሎን ሳይሆን በተመታ ሚስማር ስለሆነ አንዴ ከላሉ የሚጠብቁበት መንገድ የለም። ሱሪና ኮት ለሚሰፋ ሰው ባለ 10 ኢንቹ (25 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ከባድ መቀስ፣ ቤት ውስጥ አልፎ አልፎ ለሚሰፋ ደግሞ ባለ 8 ኢንቹ (20 ሳንቲ ሜትር) ቀላል መቀስ ይበቃዋል ባይ ነኝ።

ለሳቲንና ለሺፎን በአንዱ ስለቱ ላይ በዓይን እምብዛም የማይታዩ ጥቃቅን ጥርሶች ያሉት መቀስ ይመረጣል፤ ጥርሶቹ የሚያዳልጠውን ጨርቅ ቆንጥጠው ይይዙታል። ይህ ጠርዙን ዚግዛግ አድርጎ ከሚቆርጠው መቀስ ጋር ሊምታታ አይገባም። የዚግዛጉ መቀስ ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ጥጥ እንዳይተረተር ይረዳል፤ እንደ ሸማ ሳሳ ብሎ በእጅ በተሸመነ ጨርቅ ላይ ግን ክሩ ከነጥርሱ ስለሚለቅ ጠርዙን አጥፎ መስፋት ወይም ኦቨርሎክ ማድረግ (ጠርዙን በክር በሚሸፍን ማሽን መስፋት) ይሻላል። የሐበሻ ልብስ የሚሰፉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቡ፦ ጥለቱ ውስጥ ወርቅማ ወይም ብርማ ክር ካለ ስለቱን ይጎዳዋልና ለዚያ የሚሆን አሮጌ መቀስ ለይቶ ማስቀመጥ ያዋጣል።

ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመ የአልጋ ልብስ ለሚሠራ ሰው ግን መልሱ መቀስ ላይሆን ይችላል። በአንድ ረድፍ 12 ቁራጮች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው በ1 ሚሊ ሜትር ቢበልጡ ረድፉ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ይዛባል። የጃፓኑ ኩባንያ ኦልፋ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው እየተሽከረከረ የሚቆርጥ ክብ ምላጭ ከማስመሪያ ጋር ሲሠራ ቀጥ ያለ መስመር ላይ መቀስ አይደርስበትም፤ ለጀማሪ ባለ 45 ሚሊ ሜትሩ ይስማማል። ከሥሩ የሚነጠፍ ልዩ ምንጣፍ ስለሚፈልግና ምላጩም ስለሚቀያየር ወጪው በመሣሪያው ዋጋ አያበቃም፤ ለብብትና ለአንገት ጥምዝም ቢሆን መቀሱ ይበልጥ ያመቻል። ክር መቁረጫዋ ባለ 4 ኢንች ትንሽ መቀስ ግን ለሁሉም ታስፈልጋለች።

ግራኞች እጀታው ለሁለቱም እጅ ተብሎ በተሸጠ መቀስ መታለል የለባቸውም። የስለቶቹ አደራረብ ካልተገለበጠ የግራ እጅ ግፊት ስለቶቹን ያራርቃቸዋል፣ የሚቆረጠው መስመርም በላይኛው ስለት ይጋረዳል።

ሱቅ ውስጥ ለመፈተሽ አንድ ስስ ጨርቅና አራት ድርብ ሆኖ የታጠፈ ጅንስ ይዞ መሄድና ከሥር እስከ ጫፍ መቁረጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ጨርቁን የሚያኝክ መቀስ አይገዛም። ከአሜሪካ ለሚያስመጡ ደግሞ፣ ከብሎኑ እስከ ጫፉ ከ4 ኢንች በላይ የሆነ መቀስ በእጅ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ ስለማይፈቀድ በሚጫነው ሻንጣ ይላክ። ከተገዛ በኋላ ወረቀት አይቆረጥበት፤ ወረቀት ውስጥ ያሉት ማዕድናት ስለቱን ያደነዝዙታል። ሲደነዝዝም ቢላ ለሚስል ሰው ሳይሆን የመቀስ ስለት ማዕዘን ለሚያውቅ ባለሙያ ይሰጥ፤ ጥቃቅን ጥርስ ያለው መቀስ በተራ ድንጋይ ከተሳለ ጥርሱ ይጠፋል።