የድሮ የቤት ፊልምን በፕሮጀክተርና በካሜራ ወደ ዲጂታል መቅዳት፦ የአሥራ አንድ ጥቅሎች ሙከራ

ለዓመታት በቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ የቆዩ የስምንት ሚሊ ሜትር ፊልሞችን ወደ ዲጂታል ለመለወጥ በቤት ውስጥ ከሚሠራባቸው መንገዶች ቀላሉ፣ ፊልሙን በዘመኑ ፕሮጀክተር ነጭ ወረቀት ላይ እያሳዩ በዲጂታል ካሜራ መቅረጽ ነው። በዚህ ዘዴ አሥራ አንድ ጥቅሎችን ከቀዳሁ በኋላ የደረስኩበትን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር፦ በፊልሙ ላይ ማን እንዳለ ለማወቅና ለቤተሰብ ለማሳየት ከበቂ በላይ ነው፤ ዋናውን ፊልም ሊተካ የሚችል ቅጂ ግን አይወጣውም።

ዘዴውን የሚሞክር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገጥመው የምስሉ መርገብገብ ነው። ዓይን ብልጭታውን እንዳያስተውል ሲባል በአብዛኞቹ የስምንት ሚሊ ሜትር ፕሮጀክተሮች ውስጥ ብርሃኑን የሚቆራርጥ ባለ ሦስት ክንፍ መዝጊያ ስለሚሽከረከር፣ እያንዳንዱ ፍሬም (በፊልሙ ላይ ያለ ነጠላ ምስል) ሦስት ጊዜ ይበራል። ከስምንት ሚሊ ሜትር ፊልም ዓይነቶች አንዱ የሆነው ሱፐር 8 የሚታየው በሴኮንድ በ18 ፍሬም ስለሆነ ብልጭታው በሴኮንድ 54 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በሴኮንድ 25 ምስል ከሚቀርጽ ካሜራ ጋር ስለማይገጥም፣ በቅጂው ላይ ጥቁር ጥላ ከላይ እስከ ታች ሲመላለስ ይታያል። የመጀመሪያው ቅጂዬ ከዚህ የተነሳ ለዕይታ የሚያስቸግር ነበር። መፍትሔው ፕሮጀክተሩን በሴኮንድ ወደ 16.67 ፍሬም ማዘግየት ነው፤ ያን ጊዜ ብልጭታው 50 ስለሚሆንና ካሜራው አንድ ምስል በሚወስድበት ጊዜ ውስጥ ሁለት ሙሉ ብልጭታ ስለሚያልፍ፣ የካሜራው የመዝጊያ ፍጥነት በ1/50 ሴኮንድ ከተያዘ ጥላው ይጠፋል። በሴኮንድ 30 ምስል የሚቀርጽ ካሜራ ያለው ሰው ፕሮጀክተሩን ወደ 20 ፍሬም ከፍ አድርጎ መዝጊያውን በ1/60 ሴኮንድ ያስተካክላል። የፍጥነት መቆጣጠሪያውን የካሜራውን ስክሪን እየተመለከቱ በጥቂት በጥቂቱ ማዞርና ጥላው ሲጠፋ መተው ይበቃል። በ16.67 የተቀዳው ፊልም ኋላ በማቀናበሪያ ፕሮግራም 8 በመቶ ሲፈጥን ሰዎቹ እንደ ቀድሞው ይራመዳሉ። እንግዲህ ፕሮጀክተር የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ፍጥነቱ የሚስተካከል መሆኑን ነው፤ ፍጥነቱ ቋሚ የሆነውን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ ለዚህ ሥራ አልመክርም።

ምስሉን በትልቅ ስክሪን ላይ ማሳየት ስህተት ነው። በማያንጸባርቅ ወረቀት ላይ ኤ4 የሚያህል ምስል ሲታይ የበለጠ ብሩህ ይሆናል፤ ካሜራውም በትራይፖድ ላይ ሆኖ ከፕሮጀክተሩ ሌንስ አጠገብ ሲቆም የምስሉ ጎኖች ብዙ አይጣመሙም። ትኩረቱን፣ የብርሃን መጠኑንና የቀለም ሚዛኑን ለካሜራው መተው አይገባም፤ ትዕይንቱ በተለወጠ ቁጥር ምስሉ ሲደምቅና ሲደበዝዝ ይኖራልና። ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይድን ጉድለት አለ። መሃሉ ከዳሩ ይደምቃል፤ ፊልሙ በብርሃንና በጥላ መካከል የያዘውን ሰፊ ልዩነትም ካሜራው ሊጨብጠው አይችልም። በአንደኛው ጥቅል ላይ ፀሐይ ውስጥ የቆመ ልጅ አለ፤ ፊቱ እንዲታይ ብርሃኑን ስጨምር ነጭ ሸሚዙ ያለ አንዳች እጥፋት ባዶ ወረቀት መስሎ ቀረ።

ከምስሉ ጥራት ይልቅ የሚያሳስበኝ የፊልሙ ደኅንነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው መደበኛው 8 ሚሊ ሜትርና በ1965 የወጣው ሱፐር 8 ስፋታቸው አንድ ቢሆንም የጠርዝ ቀዳዳቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ለአንዱ ብቻ በተሠራ ፕሮጀክተር ሌላውን ማስገባት ቀዳዳውን ይቀድደዋል። ለብዙ ዓመታት ያልሠራ ፕሮጀክተር ጎማ ቺንጋው ደርቆ ወይም ቀልጦ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ያለ ፊልም ማስኬድ፣ ፊልሙ የሚያልፍበትን በር ማጽዳትም ያስፈልጋል፤ እዚያ የደረቀ እድፍ ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር ይጭረዋል። እኔ ቸኩዬ ፊልሙ የተቀጠለባቸውን የድሮ መጋጠሚያዎች ሳልፈትሽ በመጀመሬ በሦስተኛው ጥቅል ላይ አንዱ ተላቀቀና ፊልሙ በአምፖሉ ፊት ቆመ፤ እጄ ማጥፊያው ላይ እስኪደርስ አንድ ፍሬም ቡናማ አረፋ ሆኖ ነበር። የአቼቶ ሽታ የሚሰጥ ፊልም ደግሞ ጨርሶ ፕሮጀክተር ውስጥ መግባት የለበትም፤ መፈራረስ የጀመረ አሴቴት (ፊልሙ የተሠራበት ፕላስቲክ) ስለሚኮማተር ከፕሮጀክተሩ ጥርሶች ጋር አይገጥምም።

ለቤት ከሚሸጡት ፍሬም በፍሬም ከሚያነሱ ስካነሮች ጋር ሲነጻጸር የፕሮጀክተሩ ብልጫ ፍጥነቱ ነው። 15 ሜትር የሱፐር 8 ጥቅል ወደ 3600 ፍሬም ስለሚይዝ፣ በሴኮንድ ሁለት ፍሬም የሚያነሳ ስካነር ግማሽ ሰዓት ሲወስድበት ፕሮጀክተሩ ከአራት ደቂቃ በታች ይጨርሰዋል። ስካነሩ በአንጻሩ አይርገበገብም፣ ለፊልሙም ይራራል፤ ርካሾቹ ግን ፋይሉን አብዝተው ስለሚጨምቁት ምስሉ የሚጠበቀውን ያህል ጥርት አይልም።

ከአሥራ አንዱ ጥቅሎች ዘጠኙን በዚህ መልክ እንደተቀዱ ትቻቸዋለሁ። የሸሚዙን ልጅ የያዘውንና ፍሬሙ የተቃጠለውን ግን በባለሙያ ስካነር እንዲነሱ ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ዋናዎቹ ፊልሞችም ሁሉ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ወዳለው ሣጥናቸው ተመልሰዋል።