ቤት ወይስ አብርሆት? ከቤት ለምንሠራ

አራት ኪሎ አካባቢ ሆናችሁ ከቤት የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ምርጫ አላችሁ፤ ቤት መዋል ወይም አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መሄድ። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ስብሰባና ስልክ የሚበዛበት ቀን ቤት ይሻላል፣ እንደልብ ይወራል። ችግሩ ግን ቤት ያለን ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ የሚያምን የለም። እማዬ «እስቲ ሱቅ ድረስ» ትላለች፣ ጎረቤት ቡና ጠጡ ብላ ትጠራለች፣ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ጠዋቱ ያልቃል። እኔን የረዳኝ ቀድሞ መናገር ነው፤ «እስከ 6 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ ለበረካው እደርሳለሁ» እላለሁ። ማንም አልተቀየመኝም።

በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ሌላ ነገር ነው። ዙሪያችሁ ያለው ሁሉ አቀርቅሮ ሲያነብ ስልክ መነካካት ራሱ ያሳፍራል። ስልክ ማውራት ግን አይሆንም፣ የምሳም ወጪ አለ።

ለኔ ጽሑፍና ሒሳብ አብርሆት፣ ስብሰባ ቤት። መውጣት ካልቻላችሁ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ፖሞዶሮን ሞክሩ፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት።