አንቀጽ 19ን የሚያውቅ የማመልከቻ መጻፊያ ሱቅ፣ ቱሉ ዲምቱ

የቱሉ ዲምቱን አደባባይ አልፈው ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ በሚያስገባው መንገድ ጥቂት እንደተራመዱ፣ በወፍጮ ቤትና በፀጉር ቤት መካከል አንድ ጠባብ ሱቅ ያገኛሉ። በሩ ላይ «ማመልከቻ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሕግ መጻሕፍት» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ውስጡ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ ሦስት ሰው የሚይዝ አግዳሚ ወንበርና ግድግዳውን የሞላ መደርደሪያ ነው። ባለቤቱ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰፈርተኛው «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ዕድሜዬን የሥነ ዜጋ ትምህርት ሳስተምር የኖርሁ መምህርት ስለሆንሁ፣ ሕግን ለተራ ሰው የሚያቀርብ ቦታ ሳገኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በከተማችን በአዲስ አበባ ዳርቻ እንደዚህ ያለ አገልግሎት ሌላ አላየሁም። ጉድለትም አለበት፤ እሱንም እናገራለሁ።

መደርደሪያው ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የወንጀል ሕጉ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገኛሉ። ከሁሉ ቶሎ የምታልቀው ግን ትንሿ የሕገ መንግሥት መጽሐፍ ናት። እኔ በ150 ብር ገዛኋት። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው፣ በነሐሴ ወር በሥራ ላይ የዋለው ያው 106 አንቀጽ ያለው ሕገ መንግሥት ነው። ጋሼ ለሚሸጡት ቅጂ ሁሉ አንድ ነገር ይጨምሩበታል፦ ምዕራፍ ሦስት የሚጀምርበት ገጽ ላይ ቀይ ክር ያስገቡበታል። መጽሐፏን ሲከፍቷት መሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44፣ ፊትዎ ይመጣሉ።

ይህ ክር ትልቅ ነገር ነው። በአገራችን ስለ አንቀጽ 39 የማይከራከር ሰው የለም፤ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ቡና ላይ ሰምቼዋለሁ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ስለሚለው ስለ አንቀጽ 19 ሲነጋገሩ የሰማሁት ግን እዚህ ሱቅ አግዳሚ ላይ ነው። 39 የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ነው። 19 የአንድ ሰው ነው፤ ከሥራ ሲወጣ የተያዘ፣ እናቱ የት እንዳለ የማታውቀው የአንድ ሰው። የመጀመሪያው ክርክር ትውልድ ሊፈጅ ይችላል። ታስሮ ያደረ ልጅ ግን ትውልድ መጠበቅ አይችልም።

አገልግሎቱን በቅርብ ያየሁት ከጎረቤቴ ጋር ሄጄ ነው። ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ሸጣ የምታድር ሴት ናት። የቀን ሠራተኛ የሆነው ልጇ ሐሙስ ማታ ከሕንፃ ግንባታ ሥራ ሲወጣ፣ ከሠሩበት ቦታ ፌሮ ጠፋ ተብሎ ተያዘ። እሑድ ጠዋት ድረስ በምን እንደተጠረጠረ እንኳ በቅጡ የነገራት አልነበረም። «በሕግ አምላክ፣ ልጄ ምን አደረገ?» ብላ ጣቢያው በር ላይ ብትጠይቅ «ሰኞ ነይ» አሏት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክፍት የሆነ የጽሕፈት ሱቅ ብንፈልግ ያገኘነው ይህንኑ ነው።

ጋሼ «ምን ሰረቀ ተብሎ ነው?» አላሏትም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «በስንት ሰዓት ነው የተያዘው?» የሚል ነበር።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም፣ ሊመሽ ሲል» አለች።

«እንግዲያው ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ 48 ሰዓቱ ሞልቷል።»

«ጋሼ፣ ልጄ ሌባ አይደለም ብለው ይጻፉልኝ።»

«እሱን ራሱ ዳኛ ፊት ይናገረዋል፣ ልጄ። አሁን የምንጠይቀው ዳኛ ፊት እንዲቆም ነው።»

በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወስጄ ከማስረዳው በላይ ነው ያስረዷት። የግለሰብ መብት ማለት ንጹሕ ለሆነ ሰው ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አይደለም። ጥፋተኛ ይሁን አይሁን ገና ያልታወቀ ሰው፣ ያንን የሚለይለት ገለልተኛ ሰው ፊት የሚደርስበት መንገድ ነው።

ማመልከቻው ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር። የልጁ ስም፣ የተያዘበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፤ ከዚያ አንቀጽ 19። ንዑስ አንቀጽ 1፦ የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው። ንዑስ አንቀጽ 3፦ በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፤ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር። ንዑስ አንቀጽ 4፦ በጊዜው ካልቀረበ አካሉ ነጻ እንዲወጣ ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት። ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደጋግመው አነበቡላት፤ እንደገባት ካረጋገጡ በኋላ ነው ያስፈረሟት። በሁለት ቅጂ አትመው «አንዱን ትሰጫለሽ፤ በሌላው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን አጽፈሽ ገቢ ሳታስደርጊ እንዳትመለሺ» አሏት። ሰኞም ካልቀረበ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚባል እንዳለ፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 ጀምሮ እንደሚገኝ፣ ለዚያ ግን ጠበቃ መያዝ እንደሚሻላት ነገሯት። «እኔ ጠበቃ አይደለሁም» ሲሉ ቆርጠው ነው የተናገሩት። ዋጋው 100 ብር።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ፍርድ ቤት ቀረበ። ፖሊስ 14 ቀን የጊዜ ቀጠሮ ጠየቀ፤ ዳኛዋ በዋስ እንዲወጣ ፈቀዱ። ወረቀቱ ነው ያስቀረበው ብዬ አልምልም፤ ምናልባት ያለ እሱም ሰኞ ይቀርብ ነበር። ያየሁት ግን ይህ ነው፦ እሑድ ጠዋት በለቅሶ የተመለሰች እናት፣ ከሰዓት በኋላ በእጇ ቁጥርና ሰዓት ይዛ ስትሄድ፣ የበር ተረኛው ወረቀቱን አንብቦ ወደ አለቃው ገባ። ገቢም ተደረገላት። ስንመለስ መንገድ ላይ «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ይል ነበር አባቴ» አለችኝ። ልጇ ጥፋት ካለበት እንዲጠየቅ ዝግጁ ነበረች። የከበዳት ማንም ሳይጠይቀው ታስሮ መቆየቱ ነበር።

ተራ ለሚጠብቅ ሰው ብለው ጋሼ የቆዩትን ሕገ መንግሥቶቻችንን ፎቶ ኮፒ አስነሥተው በፋይል አስረው አግዳሚው ላይ ያኖራሉ። ይህ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው፤ የሄደ ሰው ሳያገላብጠው እንዳይመለስ።

የመጀመሪያው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት መነሻ አድርገው ነው ያረቀቁት። ንጉሠ ነገሥቱ በፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ ሆኖ ነው የቀረበው። ሰው ያለ ሕግ እንዳይታሰር፣ ቤቱ እንዳይፈተሽ፣ ደብዳቤው እንዳይከፈት የሚሉ ቃሎች በዚያ ጊዜም አሉ። ችግሩ ከእያንዳንዱ ጋር ሕግ ካዘዘ በቀር የሚል መውጫ በር ተያይዞ መገኘቱ ነው። ሕጉን የሚያጸድቁት እኒያው ሰጪው ናቸው። በስጦታ የመጣ መብት ሰጪውን አይገድበውም፤ የመብት ጥቅሙ ደግሞ ኃያሉን መገደብ ነው።

በ1948 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን ያስደንቃል። 48 ሰዓቱ ያኔ ነው የገባው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል፤ የተያዘበት ቦታ በእግር ብቻ የሚኬድና ከፍርድ ቤቱ ከ48 ሰዓት ያላነሰ የሚያስኬድ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ሊያራዝም ይችላል ይላል። ይህን ሳነብ አረቃቀቁ የአገሩን አቀበትና ቁልቁለት እንዳየ ተሰማኝ። እንግሊዞችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1679 አካልን ነጻ የማውጣት ሕጋቸውን ሲያወጡ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፦ እስከ 20 ማይል ርቀት 3 ቀን፣ እስከ 100 ማይል 10 ቀን፣ ከዚያ በላይ 20 ቀን። የዚያ ሁሉ ጅማሬ በ1215 ንጉሥ ጆን በመኳንንቱ ተገድዶ የተቀበለው ማግና ካርታ ነው፤ ነጻ ሰው በአቻዎቹ ፍርድ ወይም በአገሩ ሕግ ካልሆነ አይታሰርም የሚለው አንቀጹ። ያኔ «ነጻ ሰው» የሚባለው ጥቂቱ ነበር፤ የጌታው ጭሰኛ የሆነው ብዙኃኑ ገበሬ አልነበረበትም። አሜሪካውያንም በ1791 አሥሩን ማሻሻያዎች ሲያጸድቁ፣ ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት ሕይወት፣ ነጻነትና ንብረት አይወሰድም ብለው ሲጽፉ፣ በባርነት የያዟቸው ሰዎች ከዚያ ጥላ ውጭ ነበሩ። ይኸው ቃል በእኛ የ1948 ሕገ መንግሥት ውስጥም ገብቷል። ጥበቃው መጀመሪያ የጥቂቶች ሆኖ ተወለደ፤ የቀሩት «እኛስ?» እያሉ ነው ያሰፉት። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ሁሉ አቀፉን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። የዛሬው አንቀጽ 13ም ምዕራፍ ሦስት ከዚያ መግለጫ መርሆች ጋር ተጣጥሞ ይተርጎም ይላል።

ከፋይሉ ውስጥ ልቤን የሚከብደው በ1948ቱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ክፍተት ነው። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን አገደ። ያ ሕገ መንግሥት እንከን ነበረበት፣ ፓርቲ የለበትም፣ ሥልጣኑ ሁሉ ከዙፋኑ ነበር። ከእርሱ ጋር ግን 48 ሰዓቱም ታገደ። በዚያው ዓመት ኅዳር 14 ቀን ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች፣ ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ጭምር፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ የረገፉትን ወጣቶች እኔ ባልቆጥራቸውም የእኔ ዕድሜ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ዳኛ ፊት መቅረብ ምን ዋጋ አለው ለሚለኝ ወጣት የምመልሰው ይህንኑ ነው።

አሁን ባለው ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስትን ለመለወጥ የክልል ምክር ቤቶች ሁሉ በድምፅ ብልጫ፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። ይህ ተገቢ ነው፤ በአንድ ምርጫ ያሸነፈ በአንድ ጀምበር እንዳይሽረው። አንቀጽ 93ን ሳነብ ግን እከፋለሁ። በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩት አንቀጽ 1 (የአገሪቱ ስያሜ)፣ 18 (ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው)፣ 25 (የእኩልነት መብት) እና የ39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 ናቸው። 19 በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሰው በጅምላ የሚታሰርበት ጊዜ ያ ሆኖ ሳለ 48 ሰዓቱ ሊታገድ መቻሉ ትክክል አይመስለኝም፤ ጋሼንም ጠይቄአቸው «የሥነ ዜጋ መምህርት ነዎት፣ ይጻፉበት እንጂ» አሉኝ። ይኸው ጻፍሁ።

ወደ ሱቁ ጉድለት ልመለስ። ትልቁ ነገር አግዳሚው ከጋሼ ጠረጴዛ አንድ ክንድ ያህል እንኳ አለመራቁ ነው። ስለ ፍቺ፣ ስለ ልጅ ቀለብ፣ ስለ ተከራይ ጠብ የሚነገረውን ሁሉ ተራ ጠባቂው ይሰማል። እኛ ሄደን ሳለ አንዲት ወጣት ስለ ባሏ ጀምራ፣ የሰፈር ሰው ሲገባ ዝም ብላ ወጣች። የግል ሕይወትን የሚጠብቀውን አንቀጽ 26 በቀይ ክር አስይዞ የሚሸጥ ቤት ለራሱ ባለጉዳይ አንድ መጋረጃ ሊዘረጋለት ይገባል። ወጪው ትንሽ ነው፤ ወጣቷ ግን ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች።

ሁለተኛው፣ መጽሐፏ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ብቻ ናት። የመጨረሻው ሕጋዊ ቅጂ አማርኛው መሆኑን አንቀጽ 106 ይናገራል፤ ይህ ግን ሌላ ቋንቋ አይሸጥ ማለት አይደለም። በቱሉ ዲምቱና በዙሪያው ስንት ጎረቤታችን ቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው! «በሚገባው ቋንቋ» የሚለው ለፖሊስ ብቻ ሳይሆን ለመደርደሪያውም ይሥራ። ዋጋም በግልጽ አልተለጠፈም፤ እኛ 100 ብር ከፈልን፣ ሌላ ሰው ለተመሳሳይ ማመልከቻ 150 ከፍያለሁ ብሎኛል። የመጽሐፏ ሙጫ ደካማ ስለሆነ የእኔዋ ከወዲሁ ገጽ እየለቀቀች ነው። መብራት ሲጠፋ ግን ሥራ አይቆምም፤ ጋሼ በእጃቸው ይጽፋሉ፣ ጽሕፈታቸውም ከኮምፒውተሩ ይበልጣል።

ሱቁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክፍት ነው። የታሰረ ሰው ጉዳይ ይዘው ከሄዱ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ቦታውን፣ ያለበትን ጣቢያና የራስዎን መታወቂያ ይያዙ። ሰዓቱን የማያውቁ ከሆነ አብሮት የነበረ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ያለዚያ ጋሼ ብዕራቸውን አያነሡም።