ኢምፓላ በቸርችል ዳገት፦ የ1965ቱ ሼቭሮሌ ለአዲስ አበባ ይሆናል ወይ?

ግምገማው በ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ሼቭሮሌ ኢምፓላ ላይ ነው። ባለ አራት በር፣ 283 ኪዩቢክ ኢንች ቪ-ኤይት (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር፣ ባለ ሁለት ማርሽ ፓወርግላይድ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ መኪናው አዲስ አበባን ይችላል፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ግን አይችልም። የተሠራው አየሩ ወፍራም፣ መንገዱ ረጅምና ሜዳ ለሆነ አገር ነው። እኛ ያለነው 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቅበት ከተማ ነው። ባለቤቶች የሚያማርሩባቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ልዩነት የሚመነጩ ናቸው፤ መፍትሔም አላቸው።

ይህ መኪና የሚወደደው ለምንድን ነው ቢባል፣ ኒኬሉንና ርዝመቱን ከመጥራት በፊት ወለሉ ሥር ማየት ይሻላል። ከ1958 እስከ 1964 የተሠሩት ትልልቅ ሼቭሮሌዎች ሻንሲ መስቀለኛ ነበር። በ1965 ግን የተሳፋሪውን ክፍል ዙሪያውን በሚያቅፍ ሻንሲ ተተካ። አራቱም ጎማዎች በሞላ ላይ ናቸው፣ ባሌስትራ የለውም። ጎሚኒዎቹ (በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ያሉት ጎማዎች) ደህና ከሆኑ በኮብልስቶን ላይ የሚሰጠውን ልስላሴ ዛሬ ከምንነዳቸው ትንንሽ መኪኖች አንዱም አይሰጥም። ይህን ያለ ማጋነን እንናገራለን።

በዚያ የሞዴል ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢምፓላ ስለተሸጠ አሜሪካ ውስጥ መለዋወጫው አሁንም ይመረታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ መኪናው ራሱ ግን የሚመረጠው አገር ውስጥ ካሉት ነው። ሻጭ «ኢምፓላ ነው» ሲል ከኋላ ይታይ። የ1965 ኢምፓላ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት ክብ መብራት አለው፤ ረከስ ያሉት ወንድሞቹ ቤል ኤር እና ቢስኬን ግን ሁለት ሁለት ናቸው። የ1966ቱ ኢምፓላ መብራት ክብ አይደለም፣ ወደ ጎን የሚታጠፍ አራት ማዕዘን ነው። ቤል ኤር መጥፎ መኪና ስለሆነ አይደለም ይህን የምንለው፤ የኢምፓላ ዋጋ እንዳይከፈልበት ነው።

ሞተሩ 4.6 ሊትር ነው። ፋብሪካው የጻፈው 195 የፈረስ ጉልበት ሲሆን በእኛ ከፍታ ከዚያ ላይ አንድ አራተኛ ያህሉ ይቀነሳል። ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ ይሳሳታል። የፋብሪካው መጽሐፍ የሲሊንደር ግፊት 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይላል፤ አዲስ አበባ ላይ ደህና ሞተር 115 አካባቢ ያነባል። «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ተብሎ ያለ ጥፋቱ የተፈታ ሞተር አለ። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ20 ፒኤስአይ ካለፈ ያኔ ይጠርጠር።

ካርቡራተሩ ሮቸስተር ባለ ሁለት ጉሮሮ ነው። ለቆላ አየር በተለካ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ) እዚህ ሲሠራ ቤንዚን ይበዛበታል፦ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይሸታል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል። በሁለት ቁጥር ያነሰ ጄት ገጥሞ አንድ ቀን መንዳትና ካንዴላ አውጥቶ ማየት ነው። ቀለሙ የተቆላ ቡና ከመሰለ ገና በዝቷል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሲሆን ልክ ነው፤ ነጭ ከሆነ አንድ ቁጥር ይመለስ። ቀጥሎ የእሳት ሰዓቱን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ፋብሪካው ካዘዘው 4 ዲግሪ ያህል ማስቀደም ይቻላል፤ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ሞተሩ ይቀበለዋል። ዳገት ላይ «ቅጭቅጭ» ካለ 2 ዲግሪ ይመለስ። የካንዴላ ክፍተት 0.9 ሚሊ ሜትር፣ የአዲስ ፑንቲና (የእሳት መቆራረጫው) ክፍተት 0.48 ነው። ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ጥራቱን ከመውቀስ በፊት ወደ ኮይሉ የሚሄደው ሽቦ ይለካ። የፋብሪካው ሽቦ ራሱ ተቃዋሚ ነው፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ኮይሉ ሙሉ 12 ቮልት እንዳያገኝ ያደርጋል። ኤሌክትሪሺያን በተራ ሽቦ ከቀየረው ፑንቲና በየወሩ መግዛት ነው።

ስለ ቤንዚኑ አንድ ነገር እንጨምር። የዚያ ዘመን ሞተር እርሳስ ላለበት ቤንዚን የተሠራ በመሆኑ የጭስ ቫልቮላ መቀመጫው ቀስ እያለ ይበላል። ለዚህ ብሎ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) መፍታት አንመክርም፤ በሌላ ምክንያት ከተፈታ ግን ሬቲፊካ ቤት ስምንቱንም የጭስ መቀመጫዎች በጠንካራ ቀለበት ማስቀየር ነው።

ሙቀት ሌላው ፈተና ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩን የሚያድነው የክዳኑ ግፊት ነው፦ 13 ፒኤስአይ የሚይዝ ክዳን መፍያውን ወደ 115 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ሌላ ቦታ ያስታምማል፣ እዚህ ግን ያፈላል። ስለዚህ ራዲያተር ከማስጠረግ በፊት ክዳን ይለወጥ። ኢምፓላ የሙቀት ጌጅ የለውም፣ የማስጠንቀቂያ መብራት ብቻ ነው፤ ቀዩ ሲበራ ደግሞ ረፍዷል። ከክሩስኮቱ ሥር ጌጅ ማስገጠም ግዴታ ነው እንላለን። በተለይ በሰርግ አጀብ፣ በእግር ፍጥነት ረጅም ሰዓት ሲሄድ፣ ቬንትሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ብቻ ስለሆነ አየር ያንሰዋል። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ አልነሣ ካለ ደግሞ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ፈልቶ ሊሆን ይችላል። ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አርቆ ማሰርና ከካርቡራተሩ ሥር ሙቀት የማያስተላልፍ ወፍራም ጓርኒሲዮን መግጠም ይፈታዋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ፍሬኑ። በዚህ መኪና ላይ ገንዘብ አንድ ቦታ ብቻ ይውላል ከተባለ እዚህ ይዋል። አራቱም ጎማ በታንቡር ነው፤ እስከ 1966 ሞዴል ድረስ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ነው። አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ቁልቁለት ከ1,600 ኪሎ በላይ የሚመዝን መኪና በፍሬን ብቻ ሲያዝ፣ ታንቡሩ ግሎ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም እየሰመጠ ይሄዳል። ነጂው ካምቢዮውን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ አውርዶ ሞተሩ እንዲይዝለት ማድረግ አለበት።

ለውጡ አይከብድም። የ1967 ሞዴል ባለ ሁለት ክፍል የፍሬን ዋና ፖምፓ በዚያው ቦታ ይታሰራል፤ ቱቦዎቹ ብቻ ለፊትና ለኋላ ተለይተው ይሠራሉ። ታንቡሩ አዲስ ሲሆን ውስጡ 279.4 ሚሊ ሜትር ነው። ቶርኖ ቤት ሲላጭ ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ መጣል አለበት። ቀጭን ታንቡር ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃልም። ሸራው ወደ ኋላ እየተሄደ ፍሬን ሲያዝ ራሱን የሚያቀርብ ዓይነት ነው። ፔዳሉ ዝቅ ካለ ባዶ ቦታ ላይ ወደ ኋላ እየሄዱ ሰባት ስምንት ጊዜ መርገጥ ነው፤ ካልተነሣ የማስተካከያው ጥርስ ዝጓል፣ ተፈቶ ይጸዳ።

ፓወርግላይድ ጠንካራ ካምቢዮ ነው። አንድ ብልሃት ግን አለው፦ የካምቢዮ ዘይት እየጎደለ፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ ሳይታይ፣ ከማርሚታው ነጭ ጭስ ከወጣ ሞተሩ አይነካ። ከካምቢዮው ጎን ያለችው የቫኩም ክዳን ውስጧ ተቀዶ ዘይቱን ሞተሩ እየመጠጠው ነው። ትንሿን የጎማ ቱቦ ነቅሎ ማየት በቂ ነው፤ ውስጧ ቀይ ዘይት ካለ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ራሷ በጥርስ ተጠምዝዛ የምትገባ ዕቃ ናት።

መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ መውረድ አይቀርም፤ ነገር ግን የተጻፈ ልክ ይዞ መሄድ ነው። ብሎኖቹ በሙሉ በኢንች ናቸው። 13 ቁልፍ ግማሽ ኢንቹን በመላላት ይይዛል፣ 14 ግን በዘጠኝ አሥራ ስድስተኛው ላይ አይገባም፣ 15 ደግሞ ጥግ ይበላል። የኢንች ቁልፍ የሌለው ጋራዥ መኪናውን አይንካ። ጎማ ላይ የሚደረግ ስሕተትም አለ፦ የአምስቱ ብሎን ክብ 120.65 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቢኤምደብሊው ቸርኬ 120 ነው። የገባ ይመስላል፣ ግን አይቀመጥም፤ ዳዶው እየላላ ይሄዳል። በነገራችን ላይ ከኢምፓላ ይልቅ የዚያን ዘመን ዶጅ ወይም ፕሊማውዝ ለሚመርጥ፣ በግራ ጎን ያሉት ዳዶዎች ወደ ተቃራኒው ነው የሚፈቱት። ይህን ያላወቀ ሰው ብሎን ይሰብራል።

ዝገት የሚደበቀው ከመስታወት መጥረጊያው ሥር ባለው የአየር መግቢያ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ሞልቶ የክረምቱን ውሃ ያግደዋል። አንድ ባልዲ ውሃ እዚያ ላይ ቢፈስ ከፊት ፓራፋንጎዎቹ ኋላ ወደ መሬት መውረድ አለበት። ምንጣፉ ከረጠበ ወይም ውሃው ከዘገየ ላሜራ ሠሪ ጋር የሚያስኬድ ሥራ አለ፤ ዋጋው ላይ ይታሰብ። ሻንሲው ከኋላ ጎማ በላይ በሚነሣበት ክርን ላይ በመፍቻ መታ መታ ይደረግ። ስቱኮ የደነቆረ ድምፅ አለው።

ርዝመቱ 5.4 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር ነው። ፒያሳ ውስጥ ማቆሚያ ማግኘት ይከብዳል፤ በከተማ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 20 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ለዕለት ሥራ አይደለም።

ለመግዛት ከመጨባበጥ በፊት ሙከራው እንዲህ ይሁን፦ ሞተሩ በርዶ ከለገሃር አንበሳ ሐውልት ይነሣ፣ በቸርችል ሳያርፍ እስከ ማዘጋጃ ቤት ይውጣ፣ እዚያ ሞተሩ ሳይጠፋ አሥር ደቂቃ ይቁም። ከዚያ ይጥፋ፣ አምስት ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ይነሣ። ሲወርድ በዝቅተኛው ማርሽ ይሁን፤ ታች ሲደርስ አራቱም ታንቡሮች በእጅ ጀርባ ቀረብ ተብሎ ይዳሰሱ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከቀዘቀዘ ያ ጎማ ፍሬን አልያዘም ማለት ነው።