ዜኒት ኢ፦ ለካቻቢቴ የማያስቸግር ካሜራ

ከአጎቴ ቁም ሳጥን የወጣው ዜኒት ኢ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶበት ነበር። የሐዋሳ ሐይቅ እርጥበት በቆዳ ቦርሳ ለታሸገ መስታወት አይራራም። ጠጋኝ ፍለጋ ከመንከራተት ራሴ ፈታሁት። ለጀማሪ እጅ ከዚህ የተሻለ ካሜራ አላየሁም።

በ1965 እ.ኤ.አ. ሶቪየት ኅብረት፣ ክራስኖጎርስክ መመረት የጀመረ ብረት ነው፤ ባትሪ አይፈልግም። ሄሊዮስ 44-2 ሌንሱ ተሽከርክሮ ይወልቃል፤ ስሙ የተጻፈበት የፊት ቀለበትም በላስቲክ ጓንት ጫን ብለው ሲያዞሩት ይለቃል። ሻጋታውን በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁ። የደረቀውን ግሪስ በቤንዚን ታጥቡታላችሁ፤ ግን የፎከሱ ጥርሶች የሚላቀቁበትን ቦታ አስቀድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በሌላ ጥርስ ከገባ የሩቁ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። ከሌንሱ ጀርባ፣ ካሜራው ውስጥ ያለውን መስታወት ደግሞ በጨርቅ እንዳትነኩት፤ የሚያንጸባርቀው ቅብ ፊቱ ላይ ስለሆነ ይፋቃል። ፋርማሲ የሚሸጠው የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ጎማ አቧራውን እፍ ለማለት ይበቃል።

እንከን አለው እንጂ። ከሌንሱ ጋር ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ዓይን የሚጠጋበት ማያው ጨለም ያለ ነው፣ ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለው መጋረጃም ፍጥነቱ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ብቻ። የእኔው ብርሃን መለኪያ በረንዳም ጓዳም ያው ቁጥር ነው የሚያሳየው፤ በስልኬ እለካለሁ። ልትገዙ ካሰባችሁ ሌንሱን አውልቃችሁ መጋረጃውን አምፖል ፊት ያዙት። ብርሃን ካሾለከ፣ በነፃም ቢሰጧችሁ ሌንሱን ብቻ ውሰዱ።